ዮጋና አስተውሎት በምልምል ወታደሮች ሰፈር

ምልምል ወታደሮች በሰልፍ ተቀምጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ እስትንፋሳቸውን ሲቈጥሩ አየሁ ብሎ የሚያወራ ሰው ቢኖር፣ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት ቀልደኛ ከመባል አያመልጥም ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ በታላላቅ ጦሮች ዘንድ በይፋ የሚሠራበት ሆኗል። የአሜሪካ ምድር ጦር በ2020 ዓ.ም. ባወጣው የአካል ብቃትና የጤና መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ከሩጫውና ከክብደት ማንሣቱ ጐን ለጐን ስለ አስተውሎትና ስለ ዮጋ ጽፏል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) የሕንድ ወታደሮችም ሰኔ 14 ቀን በሚውለው የዓለም የዮጋ ቀን፣ ከዓለም የጦር ግንባሮች ሁሉ ከፍተኛው በሚባለው በሲያቼን የበረዶ ግግር ላይ ሳይቀር፣ ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ዮጋ ሲሠሩ ታይተዋል።

ይህ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ምልምሉ እኩያችን ነው። ከአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም ከአንድ ቤት ወጥተን እኛ ወደ ዩኒቨርስቲ፣ እርሱ ወደ ማሠልጠኛ ሄዷል። እኛ በፈተና ሰሞን እንቅልፍ አጣን ብለን ስናማርር፣ እርሱ ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት በፊሽካ እየተቀሰቀሰ ይሮጣል። ስለ ራሳችን የአእምሮ ጤና ብዙ እንነጋገራለን፤ ስለ እርሱ ግን የሚነገረው ከተዋጋ በኋላ፣ ያውም ቆስሎ ከተመለሰ ነው። ስለዚህ ገና በትምህርት ላይ ሳለ ለአእምሮው ምን እንደሚደረግለትና የሚደረግለትም ነገር ምን ያህል እንደሚጠቅም መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በመጀመሪያ ስለ ቃሎቹ ጥቂት እንናገር። ዮጋ የሳንስክሪት ቃል ሲሆን፣ ሥሩ መጥመድ ማለት ነው፤ በሬ በቀንበር እንደሚጠመድ። ለገበሬ ልጅ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። የሚጠመደው አሳብ ነው፤ አሳብ እንዳልተገራ ወይፈን ወዲያና ወዲህ ይዘላልና። ከ1,500 ዓመት በፊት ገደማ በሊቁ በፓታንጃሊ ስም የተጻፈው የዮጋ መጽሐፍ ትምህርቱን በስምንት ይከፍለዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጠባይ ሕግጋት ናቸው። ሦስተኛው አሳና፣ ማለት የሰውነት አቋም፤ አራተኛው ፕራናያማ፣ ማለት እስትንፋስን መግራት ነው። የቀሩት አራቱ አሳብን ስለ መሰብሰብና ስለ ተመስጦ የሚናገሩ ናቸው። ዛሬ በየከተማው ዮጋ እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ክፍል ብቻ ነው።

አስተውሎት የምንለው ደግሞ ከቡድሃ ትምህርት የመጣ ነው። በፓሊ ቋንቋ ሳቲ ይባላል፤ የቃሉም መነሻ ትርጉም ማስታወስ ነው። በአማርኛችን «ልብ በል!» የሚለው አነጋገር ከሁሉ ይልቅ ይቀርበዋል፤ አሁን በዚህች ደቂቃ የሚሆነውን፣ በሰውነትም ሆነ በአሳብ የሚያልፈውን፣ ሳይፈርዱና ሳይሸሹ ልብ ማለት ማለት ነው። በ1979 ዓ.ም. ጆን ካባት-ዚን የተባሉ ምሁር በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርስቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ መድኃኒት ያላሻላቸውን የሕመም ተሠቃዮች ሰብስበው ይህንኑ ልምምድ ከሃይማኖታዊ ልብሱ አውጥተው ማስተማር ጀመሩ። በዚያ ትምህርት ውስጥ መቀመጥም፣ ሰውነትን ከእግር እስከ ራስ በአሳብ መዳሰስም፣ ቀለል ያለ ዮጋም ነበረበት። በኋላ ወደ ጦር ሰፈር የገባው ትምህርት ከዚህ የተወለደ ነው። ሁለቱን፣ ማለት ዮጋንና አስተውሎትን፣ አንድ ላይ የምናነሣቸውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ ምልምሉ እንመለስ። የአሜሪካ የባሕር እግረኛ ጦር፣ ማሪን የሚባለው፣ ምልምሎቹን ለ13 ሳምንት ያሠለጥናል፤ ምድር ጦሩ ለ10 ሳምንት። የጊዜው ርዝመት ከአገር አገር ይለያያል እንጂ ሥርዓቱ በየትም ቦታ ይመሳሰላል። ፀጉሩ ይላጫል፣ ልብሱ ይወሰዳል፣ በስሙ መጠራቱ ይቀራል። ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይተኛል፤ ሲበላም ሲታጠብም ይቸኰላል፤ ይጮኹበታል። ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት የሚደረግ አይደለም። በጦር ሜዳ በድምፅና በድካም መካከል ትእዛዝ መስማትና መፈጸም የሚችል ሰው ለማውጣት ነው። በ1908 ዓ.ም. የርክስና ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አጥኚዎች እንዳመለከቱት፣ ጥቂት ጭንቀት ትምህርትን ያፈጥናል፣ ሲበዛ ግን ያበላሻል። የአሠልጣኝ ጥበብ በሁለቱ መካከል ያለውን ወሰን ማወቅ ነው፤ ወሰኑም ለእያንዳንዱ ምልምል አንድ አይደለም።

ሰው አደጋ ሲሰማው አድሬናሊን በደሙ ይረጫል፤ ልቡ ይፈጥናል፤ እስትንፋሱ ያጥራል፤ ጡንቻው ይገተራል። ይህ የተፈጥሮ ጸጋ ነው፤ አባቶቻችን ከአውሬ ያመለጡበት ነው። ነገር ግን አውሬው ሲሄድ ሰውነት መመለስ ነበረበት። ምልምሉ ግን ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከሳምንት እስከ ሳምንት እንደ ተገተረ ይቈያል፤ በአልጋው ላይ ተጋድሞም ጆሮው ፊሽካ ይጠብቃል። በአገራችን የሰልፍ ትምህርት ሁለት ትእዛዞች አሉ፦ «ተጠንቀቅ!» እና «አሳርፍ!»። የጦር ትምህርት የመጀመሪያውን እስከ አጥንት ድረስ ያስተምራል፤ ሁለተኛውን ግን ለእግር ብቻ ትቶታል። ልብና ነርቭ እንዴት «አሳርፍ» እንደሚባሉ ማንም ለምልምሉ አልነገረውም።

እዚህ ላይ እስትንፋስ የሚገባበትን ምክንያት ማስረዳት ያስፈልጋል። ልባችን እንዲመታ አናዝዘውም፤ ሆዳችንም እንዲፈጭ አናዝዘውም፤ በራሳቸው ይሠራሉ። እስትንፋስ ግን በሁለቱ በኩል የቆመ ነው፤ ብንተወው በራሱ ይሄዳል፤ ብናዝዘውም ይታዘዛል። አንባቢ ይህን አሁኑኑ ሊሞክረው ይችላል። ሁለት ጣትዎን በእጅ አንጓዎ ላይ አድርገው የደም ሥርዎን ያዳምጡ፤ ከዚያ አየር በረጅሙ ያስገቡና ቀስ ብለው ያስወጡ። ሲያስገቡ ትርታው ፈጠን፣ ሲያስወጡ ዘግየት ይላል። ይህን የሚያደርገው ከአንጐል ሥር ወጥቶ ወደ ልብና ወደ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው። ስለዚህ ማስወጫውን ከማስገቢያው ያስረዘመ፣ በደቂቃም ስድስት ጊዜ ያህል ብቻ የተነፈሰ ሰው፣ በቀጥታ ሊያዝዘው የማይችለውን ልቡን በሌላ በር ገብቶ ያረጋጋዋል። የሕንድ ጠቢባን ነርቩን በስሙ ሳያውቁት በሩን አግኝተውት ነበር።

ይህ ሁሉ ግን በጦር ሰፈር ለመሥራቱ ማስረጃ ይፈለጋል። ጥሩ ማስረጃ የተገኘው በ2008 ዓ.ም. ወደ ኢራቅ ለመዝመት ይዘጋጁ ከነበሩ የማሪን ተጠባባቂ ወታደሮች ነው። ጥናቱን የመሩት በሚያሚ ዩኒቨርስቲ የአንጐል ተመራማሪ የሆኑት አሚሺ ጃ ሲሆኑ፣ ትምህርቱን ያዘጋጁት ቀድሞ የወታደራዊ መረጃ መኮንን የነበሩትና በኋላ በጆርጅታውን ዩኒቨርስቲ ያስተማሩት ኤልዛቤት ስታንሊ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ወታደሮች ለ8 ሳምንት የአስተውሎት ትምህርት ተሰጣቸው፤ ዐሥራ ሰባት ሌሎች ያለ ትምህርት የተለመደ ዝግጅታቸውን ቀጠሉ። የተለካው ነገር የሥራ ትዝታ ነው፤ ይኸውም ሰው አንድ ነገር እየሠራ ሌላ ነገር በአእምሮው የመያዝ ችሎታው ማለት ነው። ተፈታኙ ቀላል የሒሳብ ጥያቄ እየመለሰ በመካከሉ የሚታዩትን ፊደላት በቅደም ተከተል እንዲያስታውስ ይደረጋል። ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል፣ የጓዱን ቦታና የቀረውን ጥይት ቊጥር በአንድነት መያዝ ያለበት ወታደር የሚጠቀመው ይህንኑ ችሎታ ነው። በቊጣ ጊዜ ምላስን የሚይዘውም እርሱ ነው።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። ያልተማሩት ወታደሮች የሥራ ትዝታ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ቀነሰ፤ የመዝመቻው ቀን ሲቀርብ ጭንቀቱ በልቶታል። ከተማሩትም መካከል በግላቸው ጥቂት ብቻ የተለማመዱት እንደዚሁ ቀነሰባቸው። አዘውትረው የተለማመዱት ግን አልቀነሰባቸውም፤ እንዲያውም ከፍ አለላቸው። በቀን 30 ደቂቃ እንዲለማመዱ ታዝዘው ነበር፤ የጠቀማቸው ሰዎች በአማካይ የሠሩት ግን 12 ደቂቃ ያህል ነው። ይህችን ቊጥር አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስባታለን። የወታደሮቹ ቊጥር ትንሽ መሆኑን፣ ለመማርና ላለመማርም በዕጣ አለመመደባቸውን መርሳት አይገባም። ትጉህ ሰው በጠባዩ ትጉህ ስለ ሆነ ይሆን የተሻለው የሚል ጥያቄ ያስነሣል።

በ2014 ዓ.ም. የታተመው ሁለተኛው ጥናት ሰፋ ያለ ነው፤ ለእኛም ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ ሆኖ ያገኘነው ይህኛው ነው። በካሊፎርኒያ በካምፕ ፔንድልተን የነበሩ 281 ማሪኖች፣ ይኸውም ስምንት የእግረኛ መቶዎች፣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አራቱ መቶዎች የ20 ሰዓት የአስተውሎት ትምህርት ተማሩ፤ አራቱ እንደ ወትሮው ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ የአፍጋኒስታን መንደር አስመስለው በሠሩት ስፍራ ውስጥ የደፈጣ ውጊያ ተደረገባቸው፤ ልባቸውና እስትንፋሳቸውም ተለካ። ብዙ ሰው የሚጠብቀው፣ የተማሩት ወታደሮች በፍንዳታው መካከል ልባቸው ረግቶ ይገኛል ብሎ ነው። የተገኘው ሌላ ነው። የተማሩት ወታደሮች ልብ በጭንቁ ሰዓት ካልተማሩት ልብ ይልቅ ፈጥኖ መታ። ነገር ግን ደፈጣው ሲያበቃ የልባቸውም ምት፣ እስትንፋሳቸውም ቶሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህን ውጤት ደጋግመን ልናስብበት ይገባል። ስለ ዮጋና ስለ ተመስጦ በሕዝብ ዘንድ ያለው ግምት፣ ሰውን ቀዝቃዛ ያደርጋል፣ ድንጋይ ያደርጋል የሚል ነው። አንዳንድ አለቆችም ትምህርቱን የወደዱት ይህን ተስፋ አድርገው ሊሆን ይችላል። ልኬቱ ግን የሚያሳየው ሰው ደንግጦ መመለስን እንደሚማር ነው። ድንጋጤው አልጠፋም፤ መንገዱ አጠረ እንጂ። የሚፈራ ልብ ያለው ሰው መሆኑ ሳይቀር፣ ፍርሃቱ ከሥራው ሰዓት አልፎ ወደ እንቅልፉ፣ ወደ ምግቡና ወደ ቤተሰቡ እንዳይከተለው ማለት ነው። ከጦርነት ተመልሰው በር በተንኳኳ ቊጥር ከአልጋ የሚዘሉትን ሰዎች ላየ፣ ይህ ጥቂት ነገር አይደለም።

እነዚህ ሁለቱ ጥናቶች የተሠሩት ለመዝመት በተዘጋጁ ወታደሮች ላይ ነው፤ ገና ፀጉሩን በተላጨ ምልምል ላይ አይደለም። ለምልምሎች የቀረበው በ2015 ዓ.ም. የታተመው የአሜሪካ ምድር ጦር ጥናት ነው። በዚያ 48 የምልምል መቶዎች፣ ማለት 2,432 ሰዎች፣ በዕጣ ተከፍለው እኩሌቶቹ አሳብን ስለ መሰብሰብ፣ ከራስ ጋር በጎ ስለ መነጋገርና ኀይልን ስለ መቈጣጠር ሲማሩ፣ እኩሌቶቹ በዚያው ሰዓት የጦር ታሪክ ተማሩ። የጦር ታሪክ መሰጠቱ ብልሃት ነው፤ ምልምል ከፀሐይ ወጥቶ ክፍል ውስጥ በመቀመጡ ብቻ ደስ ይለዋልና፣ የዕረፍቱ ጥቅም ከትምህርቱ ጥቅም እንዳይደባለቅ ነው። አሳብን መግራት የተማሩት በራሳቸው መተማመናቸው ጨመረ፤ በአንዳንድ ፈተናዎችም ተሻሉ፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱ ታላቅ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጃ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ስለ አስተውሎት ብዙ ንግግር የሰሙ ወታደሮች፣ ሰዓቱን በልምምድ ካሳለፉት ያነሰ ተጠቅመዋል። በዩኒቨርስቲያችን ስለ ዋና የተጻፈ መጽሐፍ አንብቦ ዋና የተማረ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም።

ልምምዱ እንዴት ይሠራል የሚል አንባቢ ካለ፣ ልብስ መለወጥ እንኳ አያስፈልገውም። ምልምሉ ቦት ጫማውን እንዳደረገ ወንበር ወይም ሣጥን ላይ ይቀመጣል። ጀርባውን ያቀናል። መጀመሪያ ልብ የሚለው መሬት የነካውን እግሩን ነው፤ ተረከዙ ከበደው? ጣቶቹ ሞቁ? ከዚያ ወደ እስትንፋሱ ይመለሳል፤ በአፍንጫው ሲገባና ሲወጣ ይከተለዋል። ከአምስት እስትንፋስ በኋላ አሳቡ ይሄዳል፤ ወደ እናቱ፣ ወደ ምሳ፣ ወደ ሰደበው አሥር አለቃ። መሄዱን ሲያውቅ ሳይቈጣ ወደ እስትንፋሱ ይመልሰዋል። እንደገና ይሄዳል፤ እንደገና ይመልሰዋል። ጀማሪ ሁሉ «አልቻልኩም፣ አሳቤ አልቆም አለ» ይላል፤ ዳሩ ግን ልምምዱ መመለሱ ራሱ ነው። አንድ መቶ ጊዜ የሄደበትና አንድ መቶ ጊዜ የመለሰ ምልምል አንድ መቶ ጊዜ ሠርቷል። ጡንቻ ክብደትን በማንሣትና በማውረድ እንደሚጠነክር ማለት ነው።

ከዮጋው ወገን ለምልምል የሚስማሙት ጥቂት ናቸው። የጀርባ ሻንጣ ተሸክሞ የዋለ ሰው በጉልበቱና በእጁ ተንበርክኮ ጀርባውን እንደ ድመት ወደ ላይ ማጕበጥና ወደ ታች ማስረግ ወገቡን ያሳርፈዋል። ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት ማስነካትም አለ፤ ለስግደት ላደገ ሰው ይህን ሕንዶች ያስተምሩት ማለት የሚያስቅ ነው። ረጅም ጉዞ ከተጓዘ በኋላ በጀርባው ተጋድሞ እግሮቹን በግድግዳ ወይም በአልጋ ላይ ከፍ ማድረግ፣ በመጨረሻም እጆቹን ዘርግቶ ምንም ሳይሠራ መተኛት ነው። ይህ የመጨረሻው በሳንስክሪት ሻቫሳና፣ ማለት የሬሳ አተኛኘት ይባላል፤ ስሙ ለወታደር የሚመረጥ ባይሆንም ከሁሉ የሚወደደው እርሱ ነው። በራስ መቆምና እግርን በአንገት ላይ መጠምጠም ለሥዕል ካልሆነ በቀር ለምልምል አይረባውም፤ የታመመ ጉልበት ያለውም ሰው ሊታጠፍ አይገባውም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር አለ። ከምልምሎች መካከል በልጅነቱ የተደበደበ፣ ወይም ጦርነት ያየ፣ ወይም ሰው ሲሞት የተመለከተ ይኖራል። እንደዚህ ያለውን ሰው ዐይንህን ጨፍነህ ዝም ብለህ ተቀመጥ ማለት አንዳንዴ ያን የሸሸውን ነገር ፊት ለፊት ማምጣት ነው። ይጨንቀዋል፤ ይታፈናል። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪ ዐይንን ገልጦ መቀመጥን፣ ቆሞ ወይም እየተራመዱ መለማመድን፣ ማቋረጥንም ይፈቅዳል። «ማቋረጥ አይቻልም» የሚል ልማድ ባለበት በጦር ሰፈር ይህ ፈቃድ በቃል ካልተነገረ ማንም አይደፍረውም።

የሃይማኖት ጥያቄም ይነሣል፤ በአገራችንም ዮጋ የሚለውን ስም ሲሰማ የሚያማትብ ወይም «አስተግፊሩላህ» የሚል አይጠፋም። በንቀት የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። በሕንድ ራሷ በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዮጋ ቀን ሲከበር፣ ለፀሐይ እጅ መንሣት የሚመስለውን የአቋም ተራ ሙስሊሞች ስለ ተቃወሙት መንግሥት ከበዓሉ ሥርዓት አውጥቶታል። ከዚህ የምንማረው፣ ወታደር ታዛዥ ስለ ሆነ ብቻ ሕሊናውን የሚነካ ነገር በትእዛዝ ሊጫንበት እንደማይገባ ነው። እስትንፋስን መከተል የማንም ሃይማኖት ርስት አይደለም፤ ቃለ ጸሎትና ምስል ሳይጨመርበት ማስተማር ይቻላል። በገዳሞቻችንም ተመስጦ የሚባለው ነገር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ስለ ሆነ፣ አሳብን መሰብሰብ ራሱ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይችልም። ከሕንድ ወታደሮችም ጋር እንግዶች አይደለንም፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በተከፈተው በሐረር ጦር አካዳሚ የኢትዮጵያ ዕጩ መኮንኖችን ያስተማሩት ሕንዳውያን መኮንኖች ነበሩ።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ምልምሉ የተጨነቀው አእምሮው ስላልተገራ ነው ወይስ በደል ስለ ተፈጸመበት? መጋቢት 30 ቀን 1956 ዓ.ም. ማታ፣ በደቡብ ካሮላይና በፓሪስ ደሴት፣ ማቲው ማኪዮን የተባለ የማሪን አሠልጣኝ ምልምሎቹን ሥነ ሥርዓት ለማስተማር ብሎ ሪበን ክሪክ ወደሚባለው የረግረግ ውሃ በጨለማ መራቸው። ስድስት ወጣቶች ሰጥመው ሞቱ። አሠልጣኙ በጦር ፍርድ ቤት ተፈረደበት፤ የማሪን ጦርም አሠልጣኞችን የሚቈጣጠሩ መኮንኖችን ጨመረ፤ የማሠልጠኛዎቹም አዛዦች በቀጥታ ለጦሩ የበላይ አዛዥ ተጠሪ እንዲሆኑ ተደረገ። እነዚያ ስድስቱ ወጣቶች እስትንፋሳቸውን መከተል ቢማሩ ኖሮ ምን ይጠቅማቸው ነበር? የተፈለገው የአሠልጣኙን እጅ የሚይዝ ሕግ ነበር፤ የተደረገውም እርሱ ነው።

በ2019 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርስቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ሮናልድ ፐርሰር በጻፉት መጽሐፍ አስተውሎትን እንደ ሸቀጥ የሚሸጡትን በብርቱ ነቅፈዋል። ነቀፌታቸው በአጭሩ፣ የጭንቀትን ምክንያት ከመሥሪያ ቤቱና ከማኅበሩ ወስዶ በተጨነቀው ሰው ራስ ላይ ይጥለዋል የሚል ነው። ስለ ጦር ሰፈርም ይህ ነቀፌታ ይሠራል። ምልምሉ አራት ሰዓት ብቻ እየተኛ፣ የበሰበሰ ካልሲ እያደረገ፣ እየተሰደበ ሳለ «እስትንፋስህን ተከተል» ቢባል፣ ትምህርቱ የአለቃውን ጥፋት መሸፈኛ ሆነ ማለት ነው። ይሁን እንጂ እኛ ከፐርሰር ጋር እስከ መጨረሻው አንሄድም። በደሉ እስኪወገድ ድረስ የተበደለው ሰው ነርቭ ይቈይ ማለት አይቻልም። ደግሞም ረጋ ያለ ምልምል የደረሰበትን በደል ከተደናበረው ይልቅ አጥርቶ ያያል፤ አጥርቶ ያየም ሰው አቤቱታውን ለማን፣ መቼና በምን ቃል እንደሚያቀርብ ያውቃል። መረጋጋት ሁልጊዜ መታገሥ አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። ከፓታንጃሊ ስምንት ክፍሎች የመጀመሪያው የመጀመሪያ ሕግ አሂምሳ ነው፤ ማንንም አለመጕዳት ማለት ነው። የጦር ትምህርት ደግሞ በመጨረሻው መግደልን ማስተማር ነው። ታዲያ ሕጉን ቈርጦ ጥሎ እስትንፋሱን ብቻ መውሰድ ይፈቀዳልን? የአስተውሎት ትምህርት ደጋፊዎች፣ የረጋ ወታደር ሴትንና ሕፃንን ከጠላት ለይቶ ያያል፣ በድንጋጤም አይተኵስም ይላሉ። አሳቡ ሚዛን የሚደፋ ነው። ነገር ግን የጃፓንን ታሪክ ያነበበ ሰው ልቡ አያርፍም። ብራያን ቪክቶሪያ በ1997 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እኩሌታ ላይ ስመ ጥሩ የዜን መምህራን ለጃፓን ወራሪ ጦር ተመስጦን ከመታዘዝና ከመሞት ጋር አዋሕደው ሰብከዋል። ጸጥታን በሚገባ የተማረ ሰው በጸጥታ ክፉ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ለምልምሉ አስተውሎት በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ የጄኔቫ ስምምነትም መሰጠት አለበት ባዮች ነን፤ ለመተኰስ የማይገባው መቼ እንደ ሆነ ካላወቀ፣ የረጋ ጣቱ ምን ላይ እንደሚያርፍ እስትንፋሱ አይነግረውም።

አሁን ወደ 12 ደቂቃዋ እንመለስ። ከቀኑ ውስጥ ከየት ትምጣ? ጠዋት ከሩጫ በፊት ብትሆን ምልምሉ ገና አልነቃም፤ ያንቀላፋል። ከምሳ በኋላ ብትሆንም ያንቀላፋል። የሚሻለው ከማታው ቊጥጥር በኋላ፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ልብና ነርቭ «አሳርፍ» መባል ያስፈልጋቸዋል፤ እንቅልፉም ቶሎ ይመጣል። የሚያስተምረውም ከውጭ ለአንድ ቀን የመጣ እንግዳ ባይሆን ይመረጣል፤ ራሱ ለወራት የተለማመደ፣ የምልምሉን ኑሮ የሚያውቅ፣ ቢቻል በማዕረግ የሚታወቅ አሠልጣኝ ይሁን። ቀን የጮኸ ድምፅ ማታ ዝግ ብሎ «ትከሻህን ልቀቅ» ሲል መስማት ለምልምሉ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ደቂቃዎቹ ግን ከጫማ መጥረጉ፣ ከሰልፉ፣ ከተደጋገመው ቊጥጥር ይቀነሱ። ከእንቅልፉ የሚቈረጡ ከሆነ ምልምሉን ተዉት፣ ይተኛ።